ቆሞ የሚበላ መኪና

ድሬዳዋ ውስጥ ለሚበላሽ ነገር ሁሉ አንድ ተከሳሽ አለ፤ እርሱም ሙቀቱ ነው። ጎማ ቢፈነዳ ሙቀቱ ነው። ወተት ቢበላሽ፣ ስልክ ቢዘጋ፣ ሰው ያለ ምክንያት ቢቆጣ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከቀትር በኋላ ወንበሯ ላይ ባትገኝ ሁሉም ሙቀቱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ በግንቦትና በሰኔ ቴርሞሜትሩ 35 ዲግሪ ሲነካ፣ ለተከሳሹ ጠበቃ የሚቆም ሰው አይገኝም። እኔም ለሌላው ጉዳይ ሁሉ ልቆምለት አልፈልግም። በመኪናዬ ባትሪ ጉዳይ ግን ክሱ ማስረጃ እንደሚጎድለው መጠርጠር ጀመርኩ።

መኪናዋ አሮጌ ቪትዝ ናት። በየቀኑ ስነዳት አስቸግራኝ አታውቅም፤ ጠዋት ከሳቢያን ከዚራ፣ ማታ ከከዚራ ሳቢያን። ለሥራ በባቡር አዲስ አበባ ሄጄ ሳምንት ያህል ሰንብቼ ስመለስ ግን ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። አንዳንዴ ጠቅም አይልም፤ የዳሽቦርዱ መብራቶች ደብዘዝ ብለው ይታዩና ይጠፋሉ። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ስለሆነ የሰፈር ልጆች ሰብስቦ ገፍቶ ማስነሣት የለም። ያለው አማራጭ ፒካፕ ያለውን ጎረቤት ለምኖ ኬብል ማገናኘት ነው። እኔ ከጉዞ ቤቴ የምደርሰው ደግሞ ድሬዳዋ ሱቋን ዘግታ፣ ፍራሿን ዘርግታ፣ ጫቷን ይዛ አረፍ ባለችበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሰውን ከመቀመጫው ማስነሣት ምን ያህል ውለታ እንደሚያስቆጥር የከተማዋ ሰው ያውቀዋል።

የወሰድኳት ጋራዥ ውስጥ ያለው ባለሙያ ኮፈኑን ከፈተ፣ መዳፉን ባትሪው ላይ አሳረፈና "ሙቀቱ ጨርሶታል" አለኝ። ምንም መሣሪያ አላወጣም። አዲስ ባትሪ ተገዛ፣ ተገጠመ፣ አሮጌው እዚያው ቀረ። አዲሱ እስከሚቀጥለው ጉዞዬ ድረስ ቁልፉ ገና ሲነካ ያስነሣ ነበር። ከጉዞ ስመለስ እርሱም ሞቶ ጠበቀኝ። ባለሙያው አልደነገጠም። "የዘንድሮ ባትሪ እንደ ድሮው አይደለም" አለና በሙቀቱ ላይ ሁለተኛ ተከሳሽ ጨመረልኝ።

ጥርጣሬዬን ያጠነከረችው ሐረር ናት። በደንገጎ አቀበት ወጥቶ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ የሚደረስባት ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ማታ ማታ ጋቢ ታስለብሳለች። እህቴ ግቢ ውስጥ መኪናዋን ዛፍ ሥር አቁሜ ለጉዳይ ጅጅጋ ሰንብቼ ስመለስ እዚያም ሞታ አገኘኋት። እህቴ ነገሩን ሰምታ ብዙም አላሰበችበትም። "እዚህ ደግሞ ብርዱ ነው" አለችኝ።

ለሙቀቱ ፍትሕ መስጠት ካስፈለገ ግን ነፃ አይደለም። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው የእርሳስና የሰልፈሪክ አሲድ ባትሪ በመሠረቱ ዛሬ ኮፈናችን ውስጥ ያለው ነው። በውስጡ የሚካሄደው ኬሚካላዊ ለውጥ ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል፤ የማይፈለገውም ለውጥ አብሮ ይፈጥናል። የፖዘቲቩ ሳህኖች አጽም ይበላል፣ አሲዱ ውስጥ ያለው ውሃ ይተናል፣ ምንም ነገር ሳይገናኝበት ባትሪው በራሱ የሚያጣው ኃይልም ይጨምራል። ባለሙያዎች በግርድፉ ሲገምቱት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር የባትሪ ዕድሜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ባትሪ የሚሞተው በብርዱ ወራት ነው፤ የተጎዳው ግን አስቀድሞ በሞቃቱ ወራት ነው። ብርዱ የሞተሩን ዘይት ያወፍርና፣ የባትሪውንም ጉልበት ይቀንስና የቆየውን ድክመት ያጋልጠዋል። ድሬዳዋ እንዲህ የሚያጋልጥ ወቅት ስለሌላት እዚህ ባትሪ ደኅና መስሎ ቆይቶ አንድ ቀን በድንገት ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ካመንኩ በኋላም የእኔ ነገር አልገጠመልኝም። ሙቀት ያደከመው ባትሪ ቻርጅ ቢደረግም አቅሙ አይመለስም፤ መኪናው በየቀኑ ቢነዳም ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል። የእኔው ግን ቻርጅ ሲደረግ ይመለሳል፣ ስነዳት ደኅና ነው፣ የሚሞተው ስትቆም ብቻ ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላ ነገርም አለ። ባዶ የሆነ ባትሪ ባዶውን ሲሰነብት ሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጠነክራል፤ የጠነከረው ደግሞ በቻርጅ በቀላሉ አይለቅም። ባትሪ ተደጋግሞ ባዶ ከሆነ በመጨረሻ በእርግጥ ይበላሻል። ያን ጊዜ ጋራዥ ሲወሰድና ሲፈተሽ "አላልኩህም? ባትሪው ነው" ይባላል። ውጤቱ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል፤ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ እውነተኛው በላተኛ የሚቀጥለውን ባትሪ እየጠበቀ እዚያው ይቀመጣል።

ሐረር ጎዳና ላይ ዕድሜያቸውን በታክሲነት ያሳለፉት ፔጆ 404ዎች ቁልፋቸው ሲነቀል በእርግጥ ይጠፋሉ። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ሲመረት የኖረው ያ መኪና ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለውም። መብራቱ ከጠፋና በሩ ከተዘጋ ባትሪው የሚያገለግለው ጌታ አይኖርም። የአሁኑ መኪና ግን ቁልፉ ሲነቀል ያሸልባል እንጂ አይጠፋም። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ቴፑ የጣቢያዎቹን ቁጥር ያስታውሳል፣ የሞተሩ ኮምፒውተር የለመደውን ላለመርሳት ጥቂት ኃይል ይወስዳል፣ የበሩ መቆጣጠሪያ ሪሞቱ መቼ እንደሚጫን ይጠባበቃል። ሁሉም ተደምሮ ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፒር (የአምፒር አንድ ሺኛ) ቢወስድ ጤና ነው። ጥያቄው ከዚያ በላይ የሚወስድ አለ ወይ የሚል ነው።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራሁት። ባትሪዬ 45 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ ነው፤ አንድ አምፒር ቢሳብበት 45 ሰዓት ያቆያል እንደማለት ነው። 30 ሚሊአምፒር በ24 ሰዓት ሲባዛ በቀን 0.72 አምፒር-ሰዓት ይሆናል፤ በዚህ ፍጥነት የባትሪው ግማሽ እስኪያልቅ አንድ ወር ይፈጃል። አንዲት 5 ዋት የውስጥ አምፖል ግን 0.4 አምፒር ያህል ትስባለች፤ በቀን 10 አምፒር-ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ሁለት ቀን ተኩል ሳይሞላ ግማሹ የለም፤ አምስተኛው ቀን ሳይመሽ ምንም የለም። በየቀኑ ስነዳት ለምን እንደማይታወቅ ያኔ ገባኝ። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ቧንቧው ቢያንጠባጥብም የከተማው ውሃ በየቀኑ እስከመጣ ድረስ ማንም ልብ አይለውም፤ ውሃው ሳምንት ሲጠፋ ነው ሮቶው ባዶ ሆኖ የሚገኘው። የመኪናዋ ዲናሞ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት እየሰጠ ሌሊት የጎደለውን ቀን ይሞላ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ስሄድ የሚሞላ አይኖርም።

ሒሳብ ግን ግምት ነው፤ የሚለካልኝ ሰው ፈለግኩ። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ባቡሩ ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ የባቡሩም ትልቁ ጥገና ቤት እዚሁ ነበር። ስለዚህ ከዚራ ውስጥ፣ ጥላቸው መንገዱን በሚያለብሰው ዛፎች ሥር፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሽቦ ሲፈትሹ የኖሩ የሽመንደፈር ጡረተኞች ዛሬም አይጠፉም። እኔ የማውቃቸው ሽማግሌ ኤሌክትሪሻን ነበሩ። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ፈረንሳይኛ የሚናገሩት ሲቆጡ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ መኪናዬ ቆማ ባትሪ የምትበላ ይመስለኛል" አልኳቸው።

"ይመስልሃል ወይስ ተለክቷል?"

"አልተለካም።"

"እንግዲያው ገና ምንም አልነገርከኝም" አሉና ጋዜጣቸውን አጠፉ። "ማታ ባትሪውን አስሞላና ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አምጣት። ፀሐይ ስትወጣ እኔም አልለካ፣ ሽቦውም አይናገር።"

ሌሊት 11 ሰዓት ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኩም፤ ለምንም ነገር ቢሆን ድሬዳዋ ውስጥ ከንጋት የተሻለ ሰዓት የለም። ደርሼ ሞተሩ ጠፍቶ እንደቆየ መጀመሪያ የለኩት ቮልቱን ነው። ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል፤ 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሹ ሄዷል፤ ከ12 በታች ከወረደ የቀረው ጥቂት ነው። የኤሌክትሪክ መለኪያቸው መልቲሜትር 12.6 አለ። "ከሙሉ እንጀምራለን፤ ጎዶሎ ባትሪ ላይ የሚደረግ ምርመራ ጭቅጭቅ ነው" አሉ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ከሁሉ በላይ አስደነቀኝ፤ መኪናዋን ማታለል ነበር። የሹፌሩን በር ክፍት ትተው መቆለፊያዋን በካቻቪቴ ገፋ አድርገው ዘጓት፤ መኪናዋ በሩ የተዘጋ መሰላት፣ የውስጥ መብራቱ ጠፋ። ቁልፉን ከኪሴ አስወጥተው ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ሪሞቱ አጠገብ ካለ የማይተኙ መኪኖች ስላሉ ከሁሉም መኪና ቁልፉን ያርቃሉ። ኮፈኑ ከመለካቱ በፊት ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ምንም ነገር እንዳልነካ አስጠነቀቁኝ።

መልቲሜትሩን ወደ አምፒር አዞሩት፤ ቀዩን ገመድ 10 አምፒር ከተጻፈበት ቀዳዳ ሰኩ። ከዚያ አንዱን ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ከነጌቲቩ ጋር በተያያዘው ኬብል ላይ አስረው ከጨረሱ በኋላ ነው ኬብሉን ቀስ ብለው ያነሡት። እንዲህ ሲሆን ባትሪው ለቅጽበት እንኳ አይቋረጥም፤ ከባትሪው የሚወጣው ሁሉ በመልቲሜትሩ ውስጥ ያልፋል። ኬብሉ መጀመሪያ ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሮቹ ኃይሉ ሲመለስላቸው ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ቁጥሩን ያዛቡት ነበር። ቁልፍ ማዞር ደግሞ በዚህ ጊዜ ፈጽሞ አይታሰብም። ሞተሪኖው ከ100 አምፒር በላይ የሚጠይቅ ነው፤ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ያን አይችልም። ወደ ሚሊአምፒሩ ቀዳዳ መዛወርም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከረጋ በኋላ እንጂ ከመጀመሪያው አይሞከርም።

የመጀመሪያው ቁጥር ከ2 አምፒር በላይ ነበር። እኔ "አገኘነው!" ልል ስል ሽማግሌው ሻይ አስፈሉ።

ብዙ ሰው ይህን ምርመራ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በቅርቡ በሩ የተከፈተበት መኪና ገና አልተኛም፤ ኮምፒውተሮቹ አንድ በአንድ እስኪያርፉ እንደ መኪናው ዓይነት ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የቸኮለ ሰው የነቃ መኪና ለክቶ ጤነኛውን በሽተኛ ይላል። እኛ ሻያችንን ጠጣን። ስለ ድሮው ባቡር አወሩኝ፤ ፉርጎዎቹም የራሳቸው ባትሪና የራሳቸው ዲናሞ እንደነበራቸው፣ ባቡሩ ጣቢያ ላይ ብዙ ሲቆም መብራቱ እንዴት እንደሚደበዝዝ። ቁጥሩ ወደ 1.1 ወረደ፤ ቆይቶ ወደ 0.6፤ በመጨረሻ 0.46 ላይ ቆመ። ሌላ ብርጭቆ ሻይ ተጠጣ፤ 0.46 ንቅንቅ አላለም።

0.46 አምፒር ማለት በቀን 11 አምፒር-ሰዓት ነው። ከጤነኛው ልክ ዘጠኝ እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ሳምንት ቀርቶ አምስት ቀን አያሰነብትም። መዳፍ ሲነበብለት የኖረው ባትሪ አሁን ቁጥር ወጣለት።

የማውቀው ቀጣይ እርምጃ ፊውዝ በፊውዝ እየነቀሉ ቁጥሩ የሚወርድበትን መጠበቅ ነበር። ሽማግሌው ግን መንቀልን አልወደዱትም፤ ፊውዝ ሲነቀልና ሲመለስ የተኛው ይነቃል፣ እንደገና አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ሌላ መልቲሜትር አወጡና 200 ሚሊቮልት ላይ አደረጉት። በእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ላይ ሁለት ጥቃቅን ራቁት ብረቶች አሉ፤ ሁለቱን የመልቲሜትር ጫፎች እዚያ ላይ አሳረፉ። ፊውዝ ትንሽም ብትሆን ለኤሌክትሪክ ፍሰት የምታሳየው ተቃውሞ አላት፤ ምንም የማያልፍባት ከሆነ ዜሮ ታሳያለች፣ የሚያልፍባት ካለ ጥቂት ሚሊቮልት ወይም የሚሊቮልት ክፍልፋይ ይታያል። በትንሿ ባለ 10 አምፒር ፊውዝ 0.3 አምፒር ቢያልፍ ሁለት ሚሊቮልት ገደማ ይታያል። ሳይነቅሉ፣ ሳያነቁ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሳጥኑ በሙሉ ይነበባል። ይህን ዘዴ አውቶ ኤሌክትሪሻኖች ሁሉ ቢይዙት ምን ያህል ባትሪ ከመጣል እንደሚድን ሳስብ ይቆጨኛል፤ የሚያስፈልገው መልቲሜትር ዋጋው ከባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። የቴፑና የሰዓቱ ፊውዝ 0.1 ሚሊቮልት። ዜሮ። በኮፈኑ ውስጥ ያለው ሳጥን ተዳረሰ፣ ከመሪው ሥር ያለውም ተዳረሰ። በፊውዞቹ የሚያልፈው ሁሉ ተደምሮ 40 ሚሊአምፒር አይሞላም። ሽማግሌው ቀና ብለው "ሒሳቡ አልገጠመም" አሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ደስታ ነበር። 0.46 ወጥቶ 0.04 ብቻ በሳጥኖቹ ካለፈ፣ የቀረው በሌላ በር እየወጣ ነው።

በነገራችን ላይ የተለመዱት ተጠርጣሪዎች ሌሎች ናቸው፤ እኛም ጠብቀን የነበረው ከእነርሱ አንዱን ነው። የኋላ ዕቃ መጫኛው አምፖል ክዳኑ ሲዘጋ ላይጠፋ ይችላል፤ ስልክን ቪዲዮ ላይ አድርጎ ውስጡ ዘግቶ መተው ምስክር ያመጣል። የዳሽቦርዱ ኪስ መብራትም እንዲሁ ነው። ሙቀቱ በእውነት ጥፋተኛ የሚሆንበትም አለ። በብዙ መኪኖች የፍሬን ፔዳል ላይ የመብራቱን ማብሪያ የምትጫን ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቁራጭ አለች፤ ዓመታት ሲያልፉና ሙቀት ሲያደርቃት ትፈረፈራለች፣ ማብሪያው ሳይጫን ይቀራል፣ ሹፌሩ ወርዶ ቤቱ ገብቶ የፍሬኑ መብራት ሲበራ ያድራል። ሁለት 21 ዋት አምፖሎች 3.5 አምፒር ይስባሉ፤ እንደ እኔው ያለ ባትሪ ሌሊቱ ከነጋ በኋላ ብዙ አይቆይም። ጥቁር የፕላስቲክ ፍርፋሪዎች በሹፌሩ እግር ማረፊያ ላይ ከታዩ ወደ ፔዳሉ ቀና ብሎ ማየት ነው።

የዲናሞው ጉዳይ ከበድ ይላል። ዲናሞ ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ብቻ እንዲሄድ የሚፈቅዱ ናቸው፤ አንዱ ሲበላሽ ሌሊት ሌሊት ባትሪው ተመልሶ ወደ ዲናሞው ይፈስሳል። ይህ ደግሞ በአብዛኛው በፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ባሉት ትንንሽ ፊውዞች አይታይም። ስለዚህ ሽማግሌው የባትሪውን ኬብል አውልቀው የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ለዩ፣ ጫፉን ጠቀለሉ፣ መልሰው ለኩ፤ ከእንቅልፍ ጥበቃው በኋላ ቁጥሩ ያው 0.46 ሆነ። ዲናሞው ነፃ ወጣ። ፀሐይዋ በዚህ መሐል ከተራራው ጀርባ ብቅ ለማለት ተቃርባ ነበርና ፈጠን አሉ።

ከዚያ የባትሪውን ፖዘቲቭ ጫፍ አዩ። እኔም ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ አይቼው ይሆናል። ከወፍራሙ የፋብሪካ ኬብል ጎን በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ሌላ ቀይ ሽቦ ነበር። ሽማግሌው በጣታቸው እየተከተሉት "ይህን ፋብሪካ አላስገባውም" አሉ። ፕላስተሩ ሲፈታ አንድ የፊውዝ መያዣ ወጣ፤ ሽቦው ከዚያ ተነሥቶ ኮፈኑንና የተሳፋሪውን ክፍል በሚለየው ብረት ቀዳዳ ገብቶ ከምንጣፉ ሥር ይጠፋል። ፊውዙን ነቀሉ። መልቲሜትሩ 0.46 ላይ ቆይቶ ወደ 0.03 ወደቀ።

ምንጣፉን አንሥተን ተከተልነው፤ ከፊት ወንበሩ ሥር አለቀ። አቧራ የለበሰ፣ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ላይ ክንፍ ክንፍ ያለው አምፕሊፋየር ነበር። ሽማግሌው እጄን ይዘው ላዩ ላይ አሳረፉት። ይሞቃል። የወንበሩ ብረት ቀዝቃዛ፣ የበሩ ብረት ቀዝቃዛ፣ እርሱ ብቻ ትኩስ። ሌሊት 11 ሰዓት ለምን እንደመረጡ ያኔ ገባኝ፤ በድሬዳዋ ቀትር መኪና ውስጥ የማይሞቅ ነገር ስለሌለ የእጅ ዳሰሳ ምስክር አይሆንም።

መኪናዋን ከእኔ በፊት የነዳት ወጣት ሙዚቃ ወዳጅ እንደነበር ስገዛት ሰምቼ ነበር። ትልቁን ድምፅ ማጉያ ሳጥን ሲሸጣት ወስዶታል፤ አምፕሊፋየሩን ግን ወንበሩ ሥር ትቶታል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳት አልነበረውም። አምፕሊፋየር በሦስት ዋና ዋና ሽቦዎች ይገናኛል። አንዱ ወፍራሙ ቀይ ነው፤ ከባትሪው በቀጥታ ይመጣል። ሁለተኛው የነጌቲቩ ነው። ሦስተኛው ቀጭን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ሲሆን ከቴፑ ይመጣል፤ ቴፑ ሲከፈት ብቻ 12 ቮልት ይልካል፣ አምፕሊፋየሩም ያን ጊዜ ይነቃል። አንድ ጊዜ ቴፑ ሲቀየር ይህን ቀጭን ሽቦ የሚያገናኝበት ስላላገኘ ወይም ስለቸኮለ፣ ገጣሚው ከቢጫው ጋር አጣምሮታል። ቢጫው ደግሞ ሁልጊዜ ኃይል ያለው፣ የቴፑን ሰዓትና ጣቢያዎች የሚያስታውሰው ሽቦ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምፕሊፋየሩ ተኝቶ አያውቅም። ድምፅ ማጉያ የለውም፤ የሚያጎላው ሙዚቃም የለም፤ መኪናዋ ከዚራም ትቁም ሐረር እርሱ ግን ቀንና ሌሊት ለመሥራት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ሽማግሌው የተጣመረውን ሽቦ ሲያዩ ነው ፈረንሳይኛውን ያወጡት። ምን እንዳሉ አልተረጎሙልኝም፤ የሰፈሩ ሕፃናት ተኝተው ስለነበር ደስ አለኝ። እርሳቸውን ያበሳጫቸው የፈሰሰው ባትሪ አይመስለኝም። ሽቦው በፕላስተር ተሸፍኖ መቀመጡ ነው። ጡረተኛ የባቡር ኤሌክትሪሻን ዘንድ የሽቦ ጋብቻ ለሚቀጥለው ባለሙያ በሚታይ ቦታ፣ ተጽፎበት፣ በሥርዓት ነው የሚፈጸመው።

የመጀመሪያው ባትሪዬ ምናልባት ምንም አልሆነም ነበር፤ ያንን ዛሬ ማን እየነዳበት እንደሆነ አላውቅም። ሁለተኛው ግን ተጎድቷል። ቻርጅ ተደርጎ 12.6 ቢያሳይም ብዙ ሳይቆይ ወደ 12.4 ይወርዳል፤ ተደጋግሞ ባዶ የሆነበት ጊዜ ሳህኖቹ ላይ የተወው ነገር አለ። ሽማግሌው እንዳልጥለው መከሩኝ። "ያስነሣል፤ በየወሩ ለካው። እየወረደ ከሄደ ያኔ ትገዛለህ" አሉ። ለሠሩት ሥራ ገንዘብ አልቀበል ስላሉኝ ሐረር ስወጣ ከእህቴ ዘንድ ቡና አመጣሁላቸው።

አምፕሊፋየሩን ማስተካከል ቀላል ነበር፤ ቀጭኑን ሽቦ ከቢጫው ፈትቶ ከቴፑ በሚወጣው ሰማያዊ ሽቦ ላይ ማሰር ብቻ ነው። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አስወጣሁት፤ የማዳምጠው ዜና ነው፣ ዜና ደግሞ ሲጎላ አይሻሻልም። ቀዩ ሽቦ ከባትሪው ጫፍ ተፈታ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ እንደ ልማዴ ሰንብቼ ስመለስ ከሞተሪኖው በፊት መልቲሜትሩን አወጣሁ፤ 12.3 ነበር። አስነሣች።

አምፕሊፋየሩን የወንድሜ ልጅ ወሰደው፤ ባጃጁ ላይ ሊገጥመው ነው። ሰማያዊው ሽቦ ከየት ከየት እንደሚገናኝ በወረቀት ሥዬ ሰጥቼዋለሁ፤ ወረቀቱን ማንበቡን ግን ገና አላረጋገጥኩም።